በክንፍ የሄዱት ሐኪምና የተዘጋው መዝገብ

በየቤቱ ልጆች ሲያድጉ የደጋግ ሰዎችን ታሪክ መንገር ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ልጅ በምክር ብቻ አይታነጽም፤ ምክሩ በሰው ሕይወት ላይ ሲሠራ ማየትን ይሻል። ነገር ግን በዚህ ልማድ ውስጥ ብዙ ጊዜ አንድ ጕድለት ይታያል፤ ይኸውም የሰውየውን ብሩህ ወገን ብቻ ለይቶ መንገርና የጨለመውን መሸፈን ነው። ልጁ አድጎ የተሸፈነውን በገዛ እጁ የገለጠ እንደ ሆነ፥ ቀድሞ የሰማውን ደግ ነገር ሁሉ እንደ ተረት ይቈጥረዋል። ቅዱሳት መጻሕፍት ግን እንዲህ አላደረጉም። የዳዊትን መዝሙርና የኦርዮን ደም በአንድ ሰው ታሪክ ውስጥ አኑረው ሰጡን እንጂ፥ አንዱን ለሌላው ሲሉ አልፋቁትም።

ውድ አንባብያን፥ ዛሬ የማወሳላችሁ የዶክተር አን ስፖሪን ሕይወት ነው። እኚህ ሴት በኬንያ ምድር ራሳቸው አውሮፕላን እያበረሩ፥ ሐኪም ወዳልደረሰበት በረሃ ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል የተመላለሱ ናቸው። ሕዝቡም «ማማ ዳክታሪ» ብሎ ጠራቸው፤ ይህም በስዋሂሊ ቋንቋ «እናት ሐኪም» ማለት ነው። የዚህን ሕይወት አንደኛውን ወገን መስማት ልብን ደስ ያሰኛል፤ ሁለተኛውን መስማት ያሳዝናል። ሁለቱንም እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኋቸው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ ስለ ነገሩ መሠረት ጥቂት እንበል። ሐኪሙ በከተማ አለ፤ ሕመምተኛው በገጠር አለ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ግን ራሱን የቻለ በሽታ ነው። ክፉ ወባ የያዘው ሕፃን በጥቂት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው መንገድ ከዚያ የረዘመ እንደ ሆነ፥ መድኃኒቱ በዓለም ላይ መኖሩ ለዚያ ሕፃን ምንም አይረባውም። ምጥ የጠናባት እናትም እንደዚሁ ናት፤ እርስዋን የሚገድላት ብዙ ጊዜ ምጡ ብቻ ሳይሆን መንገዱ ነው። በቃሬዛ ተሸክመው ሲሄዱ ጎዳና ላይ ያለቀባቸውን ሰዎች ኀዘን በአገራችን የማያውቅ ገጠር ጥቂት ነው።

ይህን ችግር በአውሮፕላን ለማቃለል ቀድመው የተነሡት አውስትራሊያውያን ናቸው። ጆን ፍሊን የሚባል የፕሮቴስታንት ሰባኪ በ1928 በኩዊንስላንድ ግዛት ክሎንከሪ በምትባል ከተማ የበራሪ ሐኪሞችን አገልግሎት አስጀመረ። በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ በ1957 ማይክል ውድ፥ አርቺባልድ ማኪንዶና ቶማስ ሪስ የተባሉ ሦስት የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ተስማምተው አንድ ድርጅት አቋቋሙ። ከሦስቱ አንዱ ማኪንዶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእሳት የተቃጠሉ አብራሪዎችን ፊትና እጅ በመጠገን ስሙ የገነነ ሐኪም ነበረ። ድርጅቱ ዛሬ አምሬፍ በሚለው ስም ይታወቃል፤ በኢትዮጵያም ሥራ አለው። ዶክተር አን ስፖሪ ስማቸው የተነሣው በዚህ ድርጅት ውስጥ ነው።

አን ስፖሪ በ1918 በፈረንሳይ አገር በካን ከተማ ተወለዱ። ቤተ ሰባቸው ከአልሳስና ከስዊስ አገር የተገኘ፥ ኑሮው የተደላደለ ነበረ። ሕክምናን በፓሪስ ተማሩ። ከ1943 እስከ 1945 ያለውን ዘመናቸውን ለጊዜው ልለፈውና ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ከጦርነቱ በኋላ ከአውሮፓ ወጥተው በዓደን ጥቂት ጊዜ ሠሩ፤ ከዚያም በ1950 ገደማ ወደ ኬንያ ተሻግረው ኦል ካሉ በሚባለው ደጋ አገር በእርሻ ለሚኖሩት ሰዎች ሐኪም ሆኑ። በዚያም ከደርዘን ዓመት በላይ ተቀመጡ። ኬንያ በ1963 ነጻ ስትወጣ የአካባቢው ነጭ ገበሬዎች መሬታቸውን እየሸጡ ሄዱ። የሐኪሟም የቀድሞ ሥራ በዚሁ ምክንያት እያበቃ መጣ።

እንግዲህ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው አርባ አምስት ዓመት ነበረ። ብዙ ሰው በዚህ ዕድሜ የለመደውን ሥራ አጽንቶ ለመያዝ ያስባል እንጂ አዲስ ትምህርት አይጀምርም። እሳቸው ግን አውሮፕላን ማብረር ተምረው በ1963 ፈቃድ አገኙ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ወደ አምሬፍ ገቡ። ፓይፐር ቼሮኪ የምትባል አንድ ሞተር ያላት ትንሽ አውሮፕላን የራሳቸው ነበረቻቸው። በጐንዋ ከተጻፈው ምልክት መጨረሻ የተነሣ «ዙሉ ታንጎ» ተብላ ትጠራ ነበረ።

የተመላለሱበትን አገር ኢትዮጵያዊ አንባቢ በካርታ ቢፈልገው ወዲያው ያገኘዋል፤ ከደቡብ ወሰናችን ማዶ ያለው ነውና። የእኛው የኦሞ ወንዝ ሲወርድ ሲወርድ ሄዶ የሚገባበት፥ ቀድሞ ሩዶልፍ፥ ከ1975 ወዲህ ቱርካና የሚባለው ታላቅ ሐይቅ በዚያ አለ። በሐይቁ ምሥራቅ ዳር ሎይያንጋላኒ የምትባል መንደር አለች። ከዚያ ወዲያ የቻልቢ በረሃ ተዘርግቷል፤ በበረሃውም ጫፍ ኖርዝ ሆር ይገኛል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ሲሉ በረሃውን እንደ ደሴት አቋርጦ የቆመው የማርሳቢት ተራራ ይታያል። ሕዝቡ ግመልና ፍየል የሚያረባው ጋብራና ሬንዲሌ፥ ከብት አርቢው ቦረና፥ ዓሣ አጥማጁ ኤል ሞሎ፥ በምዕራብም ቱርካና ነው። ከእነዚህ መካከል ቦረናው፥ ጋብራውና ዳሰነቹ በእኛም በኩል የሚኖሩ ወንድሞቻችን ናቸው። የወሰን መስመር ለካርታ እንጂ ለጥምና ለበሽታ አያግድም።

ሐኪሟ ወደነዚህ ስፍራዎች፥ እንዲሁም በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ወዳለው ወደ ላሙ አውራጃ በየጊዜው ይሄዱ ነበረ። በመኪና ሁለት ቀን የሚፈጀው መንገድ በአውሮፕላን የጥቂት ሰዓት መንገድ ሆነ። ነገር ግን ማረፊያው እንደ ከተማ ማረፊያ አልነበረም። ድንጋዩ ተለቅሞ የተጠረገ አፈር ነው። ከብት ገብቶበት እንደ ሆነ አብራሪው መጀመሪያ ዝቅ ብሎ በላዩ ያልፍና ያስበረግገዋል፤ ቀጥሎ ዞሮ ያርፋል። በሎይያንጋላኒ በኩል ከኩላል ተራራ የሚወርደው ብርቱ ነፋስ ትንሿን አውሮፕላን እንደ ቅጠል ያወዛውዛታል። አብራሪ ሌላ፥ ሐኪም ሌላ ቢሆን ኖሮ ድካሙ ለሁለት ይካፈል ነበረ። እዚህ ግን መሪውን የያዘችው እጅ ከወረደች በኋላ የሕፃኑን ሆድ የምትዳስሰውም እርስዋ ናት።

አውሮፕላኗ ከቆመች በኋላ ሥራው ይጀመራል። ሣጥኖቹ ይወርዳሉ፤ ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ውስጥ ነው፥ ሙቀት ካገኘው ኃይሉን ያጣልና። በአካባቢው ያለው ድሬሰር ወይም መነኵሲት ሕመምተኞቹን አሰልፎ ይጠብቃል። ዓይኑን ትራኮማ የያዘው፥ ሳል የጸናበት፥ ወባ የሚያንቀጠቅጠው፥ ጥርሱ የተቦረቦረ፥ ቁስሉ የመረቀዘ ሁሉ በየተራው ይቀርባል። እናቶች ሕፃናታቸውን ለክትባት ያመጣሉ። በዚያው ቀን ወደ ናይሮቢ መወሰድ የሚገባው ቢገኝ በአውሮፕላኗ ይጫናል። ከዚያም አውሮፕላኗ ተነሥታ ወደ ሌላ መንደር ትሄዳለች፤ በዚያም ሌላ ሰልፍ ይጠብቃታል።

ከዚህ ሥራ ውስጥ ለአንባቢ አጥብቄ ላሳስበው የምወደው አንድ ነገር አለ። የዚህ ሕክምና ኃይሉ በአውሮፕላኑ ፍጥነት ብቻ አልነበረም፤ በቀጠሮው መጽናት ነበረ እንጂ። ልጅን ከልምሻ የሚጠብቀው የፖሊዮ ክትባት አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ አይደለም፤ ተደጋግሞ መሰጠት አለበት። የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰውም ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ሳያቋርጥ መድኃኒት ካልዋጠ በሽታው ተመልሶ ይጸናበታል፤ መድኃኒቱንም ይለምደዋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በታላቅ ግርማ መጥቶ ከሚሄድ ሐኪም ይልቅ፥ በተቀጠረው ቀን የሚመለስ ሐኪም ይበልጣል። ማማ ዳክታሪ የሚመላለሱበት ዙር የታወቀ ነበረ፤ ሕዝቡም ቀኑን ቈጥሮ ይጠብቃቸው ነበረ። እምነት የተገኘው በዚህ ነው። ዘላን ሕዝብ ልጁን ለመርፌ የሚሰጠው ተመልሶ የሚመጣውን ሰው አይቶ ነው።

የሩቁን ድንኳን መድረስ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ደግሞ የፈንጣጣ ታሪክ ያስረዳል። ፈንጣጣ ከዓለም ሁሉ ሲጠፋ የመጨረሻ መሸሸጊያው ይኸው የእኛ የአፍሪካ ቀንድ ነበረ። በኢትዮጵያ ተራራና በረሃ የነበሩት ከታቢዎች በእግርና በበቅሎ፥ መንገድ በማይገኝበትም በሄሊኮፕተር ተጕዘው በ1976 የመጨረሻውን ሕመምተኛ አገኙ። በሚቀጥለውም ዓመት በ1977 በሶማሊያ መርካ ከተማ የዓለም የመጨረሻው በተፈጥሮ የተያዘ ሕመምተኛ ታየ። በሽታው በከተማ ቢሸነፍም አንዲት ድንኳን ከቀረችለት ከዚያ ተነሥቶ እንደ ገና ይዛመታል። ስለዚህ ወደ ዳር አገር የሚደረግ ሕክምና ለዳር አገር ሰው ብቻ የሚደረግ ቸርነት አይደለም።

ዶክተር አን ስፖሪ ይህን ሥራ እስከ ሰማንያ ዓመት ዕድሜያቸው ሠርተው የካቲት 2 ቀን 1999 ናይሮቢ ላይ ዐረፉ። ለሞታቸው ብዙ ሕዝብ አዘነ፤ ከእናቶቻቸው ጋር ለክትባት ተሰልፈው የነበሩ ሕፃናትም በዚያን ጊዜ አድገው የልጆች አባትና እናት ሆነው ነበሩ። ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ለልጆቻችን የሚነገር የተሟላ ምሳሌ በሆነ ነበረ። ግን በዚህ አያበቃም፤ አሁን ወደ ተውሁት ዘመን እመለሳለሁ።

ፈረንሳይ በጀርመኖች እጅ በነበረችበት ጊዜ ወጣቷ የሕክምና ተማሪ ከወንድማቸው ከፍራንሷ ጋር በስውር ጠላትን ከሚቃወሙት ወገን ገብተው ነበረ። ይህም በሞት የሚያስቀጣ ሥራ ነበርና ድፍረታቸው ሊመሰገን ይገባል። በ1943 ሁለቱም ተያዙ። እሳቸው በፓሪስ አጠገብ ባለው በፍሬን ወኅኒ ቤት ከታሰሩ በኋላ፥ በ1944 ከበርሊን በስተ ሰሜን ወዳለው ራቨንስብሩክ ወደሚባለው የሴቶች ማጎሪያ ተላኩ። ናዚዎች ወደዚያ ስፍራ ወደ 120 ሺህ የሚጠጉ ሴቶችና ሕፃናት አስገብተዋል፤ በዚያም በራብ፥ በበሽታ፥ በድካም፥ በጥይትና በመርዝ ጢስ እጅግ ብዙዎች አለቁ።

በማጎሪያው ውስጥ ዐሥረኛው ቤት የሳንባ ነቀርሳ የያዛቸውና አእምሯቸው የታወከ ሴቶች የሚታጐሩበት ነበረ። የዚያ ቤት አለቃ እርስዋ ራስዋ እስረኛ የሆነች ካርመን ሞሪ የምትባል የስዊስ ሴት ነበረች፤ ናዚዎች እስረኛውን በእስረኛ ያስጨንቁ ነበርና። አን ስፖሪ በዚያ ቤት እንደ ሐኪም ሆነው ሲሠሩ ከዚህች ሴት ጋር ተቈራኙ፤ ከእርስዋም ጋር በሥልጣንዋ ተካፋይ ሆኑ። ከዚያ የተረፉ ሴቶች ከጦርነቱ በኋላ በሰጡት ምስክርነት፥ ሕሙማኑን እንደ መቱ፥ አእምሯቸው የታወከውንም የሚገድል መርፌ እንደ ወጉ ተናገሩባቸው። ከሞሪ ከተለዩ በኋላ ግን በሌላ ቤት ለሕሙማን በመልካም እንደ ደከሙ የመሰከሩላቸውም ነበሩ። በ1946 በፓሪስ የተቃዋሚዎቹ የክብር ሸንጎ ነገሩን መርምሮ ጥፋተኛ ናቸው ብሎ ፈረደ። ካርመን ሞሪ በሐምቡርግ በእንግሊዞች ፍርድ ቤት ቀርባ በ1947 ሞት ተፈረደባት፤ ፍርዱ ሳይፈጸም ራስዋን ገደለች። አን ስፖሪም አውሮፓን ትተው ወጡ።

እንግዲህ ወደ ዓደንና ወደ ኬንያ ያደረሳቸው መንገድ ይህ ነበረ። በ1994 የሕይወታቸውን ታሪክ በፈረንሳይኛ ሲያሳትሙ ስለ ዐሥረኛው ቤት የቀረበባቸውን ክስ አልገለጡም። ሰው ስለ ማጎሪያው ሲጠይቃቸውም አይመልሱም ነበረ። ጆን ሄሚንዌይ የሚባል አሜሪካዊ ጸሐፊ በሕይወታቸው ሳሉ ያውቃቸው ነበረ፤ ከሞቱ በኋላ መዛግብቱን መርምሮ፥ በሕይወት የተገኙትን ምስክሮች አነጋግሮ በ2018 መጽሐፍ አወጣ። የተዘጋው መዝገብ በሰፊው ለሕዝብ የተገለጠው በዚህ ጊዜ ነው።

አሁን ምን እንበል? በእንዲህ ያለ ነገር ላይ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት መንገድ ወደ አንዱ ይሮጣል።

አንደኛው ወገን፥ «ይህን ያህል ሰው ካዳኑ በኋላ ስለ ድሮው ነገር ማንሣት ምን ይጠቅማል? ደጉ ሥራ ክፉውን ሰርዞታል» ይላል። ይህን የሚል ሰው አንድ ነገር ዘንግቷል። በቱርካና ዳር የዳነው ሕፃንና በራቨንስብሩክ የሞተችው ሴት ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የአንዱ መዳን ለሌላዋ ካሣ የሚሆንበት ሒሳብ የለም። ለሞተችው ሴት እናት ወይም እኅት ይህን ቃል ፊት ለፊት መናገር የሚችል ማን ነው?

ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ «ያን ያደረገች ሴት የሠራችው ሁሉ ማስመሰል ነው፤ ስምዋም ሊነሣ አይገባውም» ይላል። ይህም እውነት አይደለም። ዓይኑ ከመጥፋት የዳነለት ሽማግሌ በእርግጥ ዳነ። ልምሻ ያላገኛት ልጅ በሁለት እግርዋ በእርግጥ ቆመች። ሠላሳ አምስት ዓመት በፀሐይና በአቧራ ውስጥ ማስመሰል የሚቻል ነገር አይደለም። ደግሞም ያን ሲኦል የሠሩት ናዚዎች እንደ ነበሩ፥ የሃያ አምስት ዓመት ወጣትም በራብና በሞት ፍርሃት ተከባ በዚያ ውስጥ እንደ ተጣለች መርሳት አይገባም። በሞቀ ቤት ተቀምጦ «እኔ ብሆን ኖሮ» ማለት ቀላል ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን በእንዲህ ያለ ነገር ላይ ሁለት ታሪክ ታስተምረናለች፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዞ ማሰብ ይገባል። አንደኛው በየካቲት ኪዳነ ምሕረት የምንሰማው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። ሰባ ስምንት ነፍስ ያጠፋው ያ ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድኩም የሰጠው ጥርኝ ውኃ በሚዛን ላይ ተቀመጠለት፤ በእርስዋም አማላጅነት ምሕረት አገኘ። ስለዚህ አውሮፕላን ሙሉ መድኃኒት ተሸክመው ስለ ሄዱት ሴት፥ «ምሕረት አያገኙም» ሊል የሚደፍር ክርስቲያን ሊኖር አይገባም። ሚዛኑ በሰማይ እንጂ በእኛ እጅ አይደለም። በስውር ለፈጣሪያቸው የተናገሩትንም የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የዘኬዎስ ታሪክ ነው። ቀራጩ ዘኬዎስ በጌታ ፊት ቆሞ ሁለት ነገር ተናገረ። ከገንዘቡ እኩሌታውን ለድኾች እንደሚሰጥ አለ፤ የበደላቸውንም ሰዎች አራት እጥፍ እንደሚመልስላቸው ጨመረ። አንባቢ ይህን ልብ ይበል። ዘኬዎስ፥ «ለድኾች ሰጥቻለሁና የቀማኋቸው ሰዎች ይተዉልኝ» አላለም። ለድኻ የሚሰጠው ምጽዋት አንድ ነገር ነው፤ ለተበደለው የሚመለሰው ዕዳ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ በየራሳቸው ይከፈላሉ እንጂ አንዱ በሌላው አይጣፋም።

የዶክተር አን ስፖሪ ሕይወት ጕድለት በእኔ አስተያየት ያለው በዚህ ስፍራ ነው። ለድኾች እኩሌታውን ብቻ ሳይሆን ዕድሜያቸውን ሰጡ። ለተበደሉት ግን፥ ከዐሥረኛው ቤት በሕይወት ለወጡት ሴቶች፥ ለሞቱትም ዘመዶች፥ የሚገባቸው ቃል በአደባባይ አልደረሳቸውም። የጠየቁት ገንዘብ ወይም ደም አልነበረም። «እንዲህ ሆኗል፤ እኔም ነበርሁበት» የሚል የአንድ ሰው ቃል ነበረ። እነዚያ ሴቶች እያረጁ ሄዱ፤ ብዙዎቹም ያን ቃል ሳይሰሙ አለፉ። ያበደረው ሌላ፥ የተከፈለው ሌላ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። እሳቸውም ቢሆኑ ያን ቃል በአፋቸው ውስጥ እንደ ያዙ ሃምሳ ዓመት ኖሩ። ይህም ራሱ እንዴት ያለ ሸክም እንደ ሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ይህ ነገር በሩቅ አገር የተደረገ ስለ ሆነ ከቤታችን የራቀ አይምሰለን። በርስት ክርክር ወንድሙን በሐሰት ምስክር ያስረታ ሰው ለደብሩ ያማረ ጃንጥላ ያገባል፤ በዓመት በዓልም ድግስ ደግሶ ነዳያንን ያበላል። ጃንጥላው መልካም ነው፤ ነዳያኑም በእርግጥ ጠግበዋል። ወንድሙ ግን እስከ ዛሬ ከመሬቱ ውጭ ነው። ደመወዝዋን ከልክላ ሠራተኛዋን ያሰናበተች እመቤት በማኅበር ቀን እጅዋ የማይታጠፍ ለጋስ ትሆናለች። በወጣትነቱ ቤቱን በዱላ ያስጨነቀ አባት በሽምግልናው ለጎረቤት ሁሉ አስታራቂ ይሆናል፤ ለገዛ ልጆቹ ግን፥ «በድያችኋለሁ» የምትለዋን ቃል አውጥቶ አያውቅም። መባህን በመሠዊያው ፊት ተውና አስቀድመህ ሂድ፥ ከወንድምህ ጋር ታረቅ የተባለው ትእዛዝ ለእነዚህ ሁሉ ነው። ከንስሐ አባታችን የምንቀበለውም ቀኖና የበደልነውን ሰው ደጅ ከመርገጥ የሚያሳርፈን አይደለም።

ስለዚህ የማማ ዳክታሪ ታሪክ ለልጆቻችን ሊነገር የሚገባው ነው፤ ግን በሙሉው ይነገር። ስለ አርባ አምስት ዓመት ተማሪ፥ በቀጠሮው ቀን ከሰማይ ስለምትወርድ ሐኪም፥ በወሰናችን ማዶ ስላሉ ወንድሞቻችን ይስሙ። የሕክምና ትምህርት የሚመኙ ሴቶች ልጆችም እነሆ አንዲት ሴት ነፋስና በረሃ ሳይመልሳት የሠራችውን ይመልከቱ። በዕድሜ የበሰሉት ደግሞ ስለ ራቨንስብሩክና ስለ ዐሥረኛው ቤት ይንገሯቸው፤ እዚያ ስለ ሞቱት ሴቶችም ዝም አይበሉ። ልጁም ምናልባት፥ «ታዲያ ደግ ሴት ነበሩ ወይስ ክፉ?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ጥያቄ ወላጅ ፈጥኖ መልስ መስጠት አያስፈልገውም። «ያዳኗቸው ሰዎች ነበሩ፤ የበደሏቸውም ሰዎች ነበሩ፤ የበደሏቸውን ሰዎች ግን አልጠየቋቸውም» ብሎ እውነቱን ይንገረው።

ከዚህ በኋላ ልጁ ወላጁን አተኵሮ ያይ ይሆናል። ያን ጊዜ በዚያ ቤት ውስጥ የቈየ፥ ሳይነገር የቀረ ቃል ካለ፥ ሁዳዴ ወይም ትንሣኤ እስኪደርስ አይቈይ። ዕዳው የሚከፈለው አበዳሪው በሕይወት ሳለ ነው። የልባችንን አሳብ የሚያውቅ አምላክ ለሁላችን አፋችንን የምንከፍትበትን ቀን ያቅርብልን።